የዶሮ ቤት የሆነው መከለያ

እጄን ያወጣሁት ለሦስት ሰከንድ ያህል ነው፤ ቢበዛ ለአራት። ከዚያ አወረድኩት፣ ቦርሳዬን አንጠለጠልኩና ወደ ለቅሶ ሮጥኩ። ያቺን ሦስት ሰከንድ ለማረም ሦስት ወር ፈጀብኝ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግላል።

ከመጀመሪያው ላውራው። ከሆሳዕና ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀረኝ ሴት ነኝ። ሰው ቁጡ ናት ይለኛል፤ አልዋሸም። የከተማችን ምክር ቤት አባል ያደረገኝም ይኸው ቁጣዬ ይመስለኛል፤ "እሷ ትጮህልናለች" ብለው ነው የመረጡኝ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ከገበያው ጀርባ ባለው ወፍጮ ቤት ፈጪ ናት። እህሉን ከአስፈጪዎች ተቀብላ ወደ ወፍጮው አፍ የምትገለብጠው፣ ሞተሩን የምታስነሳውና የምታጠፋው እሷ ናት። ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ሥራ ነው፤ ደግሞም ትወደዋለች። የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ምን እንዳመመው ታውቃለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያ ወፍጮ ሊገድላት ነበር። ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘው ረጅም የጎማ ቺንጋ ያኔ ምንም ሳይሸፈን ነበር የሚሽከረከረው። እህቴ መሬት ላይ የፈሰሰ በቆሎ ልትጠርግ ጎንበስ ስትል የነጠላዋን ጫፍ ያዘባት። ነጠላው አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ጎተታት። ያዳናት የነጠላው ማርጀት ነው፤ መሃል ለመሃል ተተረተረ። ግማሹን ቺንጋው ወሰደው፣ ግማሹ አንገቷ ላይ ቀረ። ከጆሮዋ በታች ያለው ጠባሳ ዛሬም አልጠፋም።

ምክር ቤቱ ስለ ወፍጮ ቤቶች መመሪያ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔ ያኔ አባል አልነበርኩም። ማንኛውም ወፍጮ ቤት ቺንጋውን ከብረትና ከሽቦ በተሠራ መከለያ ይሸፍን፣ የሞተሩ ማጥፊያ የፈጪው እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን ይላል። ግማሽ ገጽ አይሞላም። እህቴ ግን ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስደርጋ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፋው ነበር። ዱቄት ሲሸፍነው በእጇ ትጠርገዋለች።

አሁን ወደዚያች ሐሙስ ልምጣ። የምክር ቤቱ ስብሰባ ነበር፤ በዚያው ቀን ደግሞ በጎረቤታችን በፎንቆ ከተማ በኩል አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ይቀበሩ ነበር። እኛ አገር ከሠርግ መቅረት ይቅርታ አለው፣ ከቀብር መቅረት ግን የለውም። ሴራ የምንለው ነገር አለን፤ ቃሉ በአማርኛ ክፉ ነው፣ በእኛ ቋንቋ ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር የሚተዳደርበት የመንደር ደንብ ማለት ነው። ያለ ምክንያት ከቀብር የቀረ ሰው በሴራው ፊት ቆሞ ይጠየቃል፤ ከደጋገመው ደግሞ በራሱ ሐዘን ቀን ማንም ደጁ አይደርስም። ስለዚህ ያን ቀን ሁላችንም ዓይናችን ሰዓት ላይ፣ ጆሯችን ውጭ ቆሞ ጥሩምባውን በሚያንባርቀው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ነበር።

"ሰዓት ይዞናል፤ የቀሩትን አጀንዳዎች ባንድ ላይ እንያቸው" አሉ ሰብሳቢው። የመጨረሻው አጀንዳ "ለንግድ ሥራ እንቅፋት የሆኑ መመሪያዎችን ስለማንሳት" ይላል፤ ከጀርባው ዝርዝር ተያይዞለታል። ዝርዝሩን አልገለጥኩትም። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን "ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ" እያልኩ ስጮህ የኖርኩ ሴት፣ አንዲት ወረቀት መገልበጥ ከበደኝ!

"የሚደግፍ?" የሁላችንም እጅ ወጣ።

"የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ?" አንድም እጅ አልወጣም።

"በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። በሉ ተነሱ፣ ቀብር አያመልጠን።"

አውቶቡሱ ውስጥ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። በሰዓቱ ደረስን፣ በወጉ አለቀስን፣ ንፍሮ በልተን ተመለስን።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። በቆሎዬን ይዤ ወፍጮ ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ዶሮዎቹን ነው። ባለቤቱ መከለያውን ፈትቶ ደጅ አውጥቶታል፤ ላዩ ላይ ጆንያ ጣል አድርጎበት፣ ውስጡ አንድ አውራ ዶሮና አራት ሴት ዶሮዎች አስገብቶበታል። ጥሩ የዶሮ ቤት ወጥቶታል፤ ምን ይደረግ። ውስጥ ቺንጋው ያለ ከልካይ ይከንፋል። እህቴ አጠገቡ ቆማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ አስራዋለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተነስቶ ቦታው ብቻ ቀርቷል።

"ምን ጉድ ነው ይሄ?" ብዬ ባለቤቱ ላይ ጮኽኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከመዘምራኑ ሁሉ ወፍራሙ ድምፅ የእሱ ነው።

"ምነው ቲቸር፣ እናንተው አንስታችሁት!" አለኝ እየሳቀ። "ቺንጋው በላላ ቁጥር ስምንት ብሎን ፍታ፣ ስምንት ብሎን እሰር። ገላገላችሁን፤ ጌታ ይባርካችሁ።"

ባረከኝ!

እህቴ ሞተሩን አጥፍታ ከቅንድቧ ላይ ዱቄት እየጠረገች መጣች። "አንቺ እዚያ ውስጥ በመኖርሽ ነው የምጽናናው" አለችኝ። "ብቻሽንም ብትሆኚ ተቃውመሻል፤ አውቅሻለሁ።"

"በቆሎውን አልመሽ ፍጪው" ብያት ወጣሁ። ይህንን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ያልኳት ይህንኑ ነው።

ሰኞ ሬድዮ አጋለጠኝ። የአካባቢው ሬድዮ "ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ" እያለ ሲያወራ ለካ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተከፍቶ ኖሯል። እህቴ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ደጄ መጣች። እኛ ቤት የምናወራው በሀዲይኛ ነው። ያን ቀን ግን በአማርኛ መጣችብኝ፤ ቢሮ ሄዳ ለማታውቀው ሹም አቤት እንደምትል።

"በሙሉ ድምፅ ማለት እርስዎም ጭምር ነዎት?"

እርስዎ! ባንድ አልጋ ተቃቅፈን አድገን!

"አላነበብኩትም" አልኳት። "ቀብር ይዞን፣ አውቶቡሱ ቆሞ ..."

"እንግዲያው የእኔም ቀብር ሲሆን እንዲሁ በሰዓቱ ይድረሱ" ብላኝ ሄደች። በሩን እንኳ አልዘጋችውም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በራሴ ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ሥራዋን አልተወችም፤ እንዴት ትተው? ትምህርት ቤታችን ከወፍጮ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ሆኜ የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል። ድሮ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አሁን ድንገት ዝም ባለ ቁጥር ጠመኔው እጄ ላይ ይቀራል። መልሶ እስኪነሳ ድረስ ስለ ሴል የማወራውን አላውቀውም።

ማክሰኞ ሰብሳቢውን ፈልጌ ቢሮ አጣኋቸው። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው ሲሉኝ ሆሳዕና መናኸሪያ ድረስ ተከተልኳቸው። ረዳቶቹ "አዲስ አበባ፣ የሞላ፣ የሞላ!" እያሉ ባዶ ወንበር ወደ ሞላበት አውቶቡስ ሰው ይጎትታሉ። ሰብሳቢው አንዲት ትንሽ ካፌ ደጃፍ ላይ ሻይ ይዘው ቆመዋል።

"የጸደቀ ነገር መናኸሪያ ላይ አይሻርም፣ እህቴ" አሉኝ። "መደበኛው ስብሰባ ከሦስት ወር በኋላ ነው። አጀንዳ ያስይዙ።"

"ቺንጋው መደበኛ ስብሰባ አይጠብቅም!" ብዬ ጮኽኩ። ሻንጣ የተሸከመው ሰውዬ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

"እርስዎም እኮ እጅዎን አውጥተዋል" አሉኝ ቀስ ብለው።

አውጥቻለሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ቆሽቴ እያረረ አሰብኩ። በዚህ አገር ሦስት ወር ሳይጠብቅ ነገር የሚሠራ ማነው? ሰው ሲሞት ድንኳኑ ባንድ ሰዓት ውስጥ ይቆማል፤ ወንበሩ፣ ብርጭቆው፣ ምግቡ ከየቤቱ ይመጣል። ማንም ቃለ ጉባኤ አይጠይቅም። ለምን ለሞተ ሰው ብቻ? አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ ኖሯል፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት "አቤት?" አለችኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ሴቶች የሚሰበሰቡበት የሴራ ቀን ነው። ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም ባንድ ነን፤ ድንኳናችንም አንድ ነው። ዳኛችን ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም እናት ናቸው፤ በቁጣ ከእኔ የሚብሱ አንድ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ናቸው። ተነስቼ ቆምኩ። እህቴ ጥጉ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

"የወፍጮ መከለያውን መመሪያ ካነሱት አንዷ እኔ ነኝ" አልኩ። "ሳላነብ እጄን ያወጣሁት ከቀብር ቀርቼ እናንተ ፊት እንዳልቆም ስቸኩል ነው። ይኸው፣ አልቀረልኝም፣ ቆሜያለሁ። ዳኙኝ።"

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ያወራ ጀመር። "ሴራ የለቅሶ እንጂ የወፍጮ ደንብ አለው እንዴ?" ያሉ ነበሩ።

ዳኛዋ እናት እጃቸውን አጨበጨቡ። "ድንኳኑን ከምንተክል መከለያውን ብናስተክል አይሻልም?" አሉ። "ወይስ ሰው ካልሞተብን አያገባንም?"

ይህን ጊዜ እህቴ ቀና አለች። "ባለቤቱን ብቻ አትውቀሱት" አለች። "ስምንት ብሎን እውነት ነው፤ ቺንጋው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይላላል። ያንን መከለያ ሲያሠሩት ከእኛ ከፈጪዎቹ ማንን ጠየቁ? አንድ ጎኑ እንደ መስኮት በማጠፊያ ቢከፈት፣ ሞተሩን አጥፍቶ መክፈት፣ አጥብቆ መዝጋት ነው። በቃ።" የምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ እንዲህ አጥርቶ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ምንም እንኳ ወደ እኔ ዞራ ባታይም።

ፍርዱ ተሰጠ። ለወፍጮ ቤቶቹ የሁለት ገበያ ጊዜ ይሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ቺንጋው ባልተሸፈነበት ወፍጮ የሴራው አባል የሆነች አንዲትም ሴት እንዳታስፈጭ። ወፍጮው ከቆመም ለእህቴ ቤት ቆጮና ዱቄት በየተራ ይሂድ። የእኔ ቅጣት ደግሞ ለብቻው ነበር። በነዚህ ሁለት ገበያዎች ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ የምትገባውን ሴት ሁሉ ነጠላና ሻርፕ እየተቀበልኩ ይዤ እንድጠብቅ፣ ስትወጣም እንድመልስ።

እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጉድ ፈላ። ሁለቱ እጆቼ በነጠላ ተሞሉ፣ ትከሻዬ ላይ ሻርፕ ተደረደረ። "የተከበሩ የምክር ቤት አባል፣ ይቺን ይያዙልኝ!" እያለች ያልሳቀችብኝ የለችም። አንዷማ "ቆጥረው ይረከቡኝ፣ በሙሉ ድምፅ ይመልሱልኝ" አለችኝ። እኔም ዝም አልልም፤ እየተሳደብኩ እቀበላለሁ። ባለቤቱ ገበያው እንደ ቲያትር ቤት ሆኖለት በሳቅ ፈረሰ። እህቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች በአጠገቤ አለፈች፤ "እንደምን አደሩ" ብቻ አለችኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ የባለቤቱ ሳቅ ቆመ። ጆንያዋን ተሸክማ የመጣችው የገዛ ሚስቱ ነበረች፤ እሷም የሴራው አባል ናት። ባሏን ሳታይ ነጠላዋን አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችና "ይህ ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያው ዳር ካለው ባለ መከለያ ወፍጮ ነው የማስፈጨው" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። ሰውዬው ወጥቶ ጆንያውን ከመከለያው ላይ ገፈፈው።

"ዶሮዎቹን የት ላድርጋቸው?" አለ፣ ግራ በተጋባ ድምፅ።

"ድስት ውስጥ!" አለች አንዷ ከሰልፉ። እሱም ሳቀ።

ሰኞ ብረት በያጅ አመጣ። እህቴ እዚህ ቁረጥ፣ እዚህ አጥብቅ እያለች አሠራችው፤ አንዱ ጎን በማጠፊያ የሚከፈት፣ ስትዘጋው ቀጭ የሚል። ባለቤቱ ራሱ አንድ አሥር ጊዜ ከፈተና ዘጋው። "እንዲህ ከሆነማ ምን ቸገረኝ" አለ። መከለያው ለሳምንት ያህል የዶሮ ኩስ ሸተተ።

ቅጣቴን ጨርሼ ነበር፤ ግን እግሬ ለመደና በአራተኛው ቅዳሜም ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ተጨናንቋል። አንዲት የማላውቃት፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ወጣት ሴት ጆንያዋን ልትጎትት ጎንበስ ስትል ረጅሙ ሻርፕዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ያው ቦታ ነው፤ ያው ጎንበስ ማለት ነው። ጮኽኩ መሰለኝ። ሻርፑ የሽቦ መከለያው ላይ አረፈና ተርገበገበ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። እህቴ እጇን ዘርግታ ሞተሩን አጠፋች፣ ሻርፑን አንስታ ለሴትዮዋ ሰጠቻት፣ "ከበሩ ላይ አስቀምጪውና ነይ" አለቻት። ሴትዮዋ ምን እንዳለፋት እንኳ አላወቀችም። እኔ ግን የሰው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ካለችበት ሆና አየችኝ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይኗን ሳታሸሽ።

ስብሰባው ደረሰ። አጀንዳውን ያስያዝኩት ገና በመናኸሪያው ሳምንት ነበር። አዲሱን ረቂቅ የጻፍነው ከእህቴና ከሌሎቹ ወፍጮ ቤቶች ፈጪዎች ጋር ነው፤ ማጠፊያውም፣ ማጥፊያውም፣ በር ላይ የነጠላ መስቀያውም ገብቶበታል። በዋዜማው እህቴ መጣችና አንድ የታጠፈ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ያ ግማሽ ነጠላ ነበር። ለካ እስከ ዛሬ አስቀምጣው ኖሯል፤ ጫፉ ላይ የሞተሩ ዘይት ጠቁሮ ደርቋል።

"ሲነበብ ይህንን ያሳዩአቸው" አለችኝ። አሁንም እርስዎ ነኝ። ግን ሻይ ጠጥታ ሄደች።

በማግስቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እንደገና ቀብር! ያው ቅጥቅጥ ደጅ ቆሞ ያንባርቃል። አንዱ አባል "ሴራው ካሠራው ሌላ መመሪያ ለምን ያስፈልጋል?" ብሎ ጠየቀ። "ሴራችን የእኛን ሰፈር ነው የሚጠብቀው" አልኩት። "ከሩቅ ቀበሌ መጥታ የምታስፈጨውን ማን ይጠብቃታል?" ከዚያ ነጠላውን አውጥቼ አጠገቤ ላለው ሰው ሰጠሁት። "ከመምረጣችን በፊት ሁላችንም እንንካው" አልኩ፣ የማን እንደሆነም ነገርኳቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የራሱ ወፍጮ ያለው አንድ አባል ብዙ ይዞት ቆየ፤ የዘይቱን ቦታ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ አሸው። አውቶቡሱ ሲጮህ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝና "ሹፌሩ ይጠብቅ በሉት። አንቀጽ በአንቀጽ ይነበብ" አሉ።

ተነበበ። በሙሉ ድምፅ አላለፈም፤ ሁለት ተቃወሙ፣ አንድ ድምፁን አቀበ። ባለ ወፍጮው ደገፈ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ ሙሉ ድምፅ ይልቅ ይህኛው ደስ አለኝ፤ የዚህ ጊዜው ያነበቡ ሰዎች ድምፅ ነው።

እህቴ ከኋላ፣ የሕዝብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሄጄ ነጠላዋን ሰጠኋት። ተቀብላ አጠፈችው፣ ከዚያ መልሳ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው።

"አንቺ ጋ ይቀመጥ" አለችኝ፣ በሀዲይኛ። "እጅሽን ከማውጣትሽ በፊት ዳበስ አድርጊው። በይ አሁን ተነሽ፤ ቀብሩ ረፈደብን።"

እየሮጥን ተሳፈርን። እጇ እጄን እንደያዘ ነበር፤ ዱቄት ከጥፍሮቿ ሥር አልወጣም። አርፍደን ነው የደረስነው፤ አፈሩ መመለስ ጀምሯል። ዳኛዋ እናት ከሩቅ አዩንና ቆጣ ብለው ሰዓታቸውን ጠቆሙኝ። ግማሹን ነጠላ ከቦርሳዬ አውጥቼ እጄን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ጨርቁን አዩት፣ እህቴን አዩዋት፣ ከዚያ ጠጋ አሉና ለሁለታችን ቦታ ለቀቁልን።